ትርፉ ጨምሮ የአንዱ አክሲዮን ድርሻ ለምን ወረደ? የአንድ የኮምቦልቻ ፋብሪካ ጉዳይ

መነሻ

ባለፈው መስከረም ከአንድ የአክሲዮን ማኅበር የቦርድ አባል ስልክ ተደወለልኝ። «ጉባኤው ተበጥብጦ ሳያልቅ ተበተነ፤ ሒሳቡን ቁጭ ብሎ የሚያስረዳን ሰው እንፈልጋለን» አለኝ። እኔ ደሴ ነኝ፣ ፋብሪካቸው ኮምቦልቻ። በማግስቱ የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ ሄድኩ።

ጉዳዩ ከጠበቅኩት በላይ አስተማሪ ሆኖ አገኘሁት። አክሲዮን ገዝታችሁ ዓመታዊ ሪፖርት ሲመጣላችሁ «የአንድ አክሲዮን ትርፍ» የምትለውን አንዲት መስመር ብቻ አይታችሁ ለምትዘጉት ብዬ ነው ከነዝርዝሩ የምጽፈው። ለመጻፍ ፈቃድ ጠይቄያለሁ። የሰዎቹንም የማኅበሩንም ስም አልጠቅስም። ቁጥሮቹን ድርጅቱ እንዳይታወቅ አጠጋግቻቸዋለሁ፣ እርስ በርስ ያላቸውን ምጣኔ ግን አልነካሁም።

ማኅበሩ

የዱቄት ፋብሪካ ነው። ያቋቋሙት የደሴ፣ የኮምቦልቻና የሐይቅ ነጋዴዎች፣ መምህራንና ጡረተኞች ናቸው። ብዙዎቹ የዕቁብ ብራቸውን ነው ያስገቡት። አንዳንዱ 20 አክሲዮን አለው፣ አንዳንዱ 50። የአንዱ አክሲዮን ዋጋ 1,000 ብር ነው።

በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ይሄም ፋብሪካ ከከተማው ሌሎች ፋብሪካዎች ጋር ተዘረፈ። ሞተር፣ ገመድ፣ የመጋዘን ስንዴ፣ ሁሉም ሄደ። ከዚያ በኋላ እግሩ ላይ እስኪቆም ባለአክሲዮኖቹ ሳንቲም ሳያዩ ታገሡ። ይሄን የማነሳው በጉባኤው ላይ የታየው ቁጣ ከየት እንደመጣ እንዲገባችሁ ነው። እነዚህ ሰዎች ስግብግብ አይደሉም፤ ብዙ ጠብቀዋል።

በ2016 የሒሳብ ዓመት ፋብሪካው ከግብር በኋላ 22 ሚሊዮን ብር አተረፈ። በዚያን ጊዜ 100 ሺ አክሲዮን ነበር። 22 ሚሊዮን ለ100 ሺ ሲካፈል ለአንዱ አክሲዮን 220 ብር ይደርሳል። ሪፖርቱም እንደዚያ አለ፣ ሁሉም ተደሰተ።

ችግሩ

የ2017 ሪፖርት መስከረም 2018 ላይ ቀረበ። የተጣራ ትርፍ 25.2 ሚሊዮን ብር፣ ከአምናው በ3.2 ሚሊዮን ይበልጣል። ቀጥሎ ያለው መስመር ግን የአንድ አክሲዮን ትርፍ 157 ብር ከ50 ይላል። አምና 220፣ ዘንድሮ 157።

አንዲት ጡረታ የወጡ መምህርት ተነሡና «ትርፉ ጨመረ ትሉናላችሁ፣ የእኔ ድርሻ ግን ወረደ። ታዲያ መሐል ላይ ያለውን ማን ወሰደው?» አሉ። ጥያቄያቸው ትክክል ነበር። የቦርዱ ሰብሳቢ «አብሽሩ እትዬ፣ ማንም አልወሰደም» ከማለት በቀር የሚያስረዳበት ነገር በእጁ አልነበረውም። ሥራ አስኪያጁ ወደ ኦዲተሩ አየ፣ ኦዲተሩ ደግሞ ያ ስሌት እሱ ከመረመረው መግለጫ ውስጥ እንደሌለ፣ ማኅበሩ ራሱ በሪፖርቱ ፊት ለፊት ገጽ ላይ እንዳስገባው ተናገረ። ከዚያ በኋላ አዳራሹ ሁለት ሆነ፤ ግማሹ ጥፋቱን በአዲሶቹ ባለአክሲዮኖች ላይ፣ ግማሹ በሥራ አስኪያጁ ላይ ጣለ።

በዚያው ሳምንት አንድ ሽማግሌ 20 አክሲዮናቸውን ለአንድ ነጋዴ በ900 ብር ሂሳብ ሸጡ። ይሄን የሰማሁት ኮምቦልቻ እንደደረስኩ ነው፤ እስካሁንም ከአእምሮዬ አልወጣም።

ከዚህ በፊት ምን ተፈጥሮ ነበር?

ማኅበሩ በ2016 የማካሮኒ ማምረቻ መስመር ከውጭ አዘዘ። ዋጋው 800 ሺ ዶላር ነበር። አንድ ሦስተኛውን ቀድሞ ከፈለ፣ ያኔ ዶላር 57 ብር ገደማ ነው። ለቀሪው 30 ሚሊዮን ብር ይበቃል ብለው አቀዱ።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪው ሥርዓት ተቀየረ፣ ዋጋው ለገበያ ተለቀቀ። በሳምንታት ውስጥ ዶላር ከ100 ብር በላይ ሆነ። ቀሪው ክፍያ በተፈጸመበት ጊዜ 30 ሚሊዮን ይበቃል የተባለው 61 ሚሊዮን ጠየቀ። ማሽኑ ያው ነው፣ አንድ ብሎን አልተጨመረበትም።

ባንክ ሄዱ። ብሔራዊ ባንክ ከነሐሴ 2015 ጀምሮ የባንኮችን ዓመታዊ የብድር ዕድገት በ14 በመቶ ገድቦ ስለነበር የረጅም ጊዜ ብድር ጥያቄያቸው አልተሳካም፤ ያገኙት የኦቨርድራፍቱን፣ ማለትም በባንክ ሒሳብ ካለው ብር በላይ ማውጣት የሚያስችለውን የአጭር ጊዜ ብድር፣ ጣሪያ ከፍ ማድረግ ብቻ ነው። ስለዚህ ሁለት ነገር አደረጉ። ኅዳር 2017 ላይ የ2016ን ትርፍ በጥሬ ከመክፈል ይልቅ 20 ሚሊዮኑን ወደ ካፒታል አዛወሩት፤ እያንዳንዱ አምስት አክሲዮን ያለው አንድ ተጨማሪ አክሲዮን ተሰጠው። ያልተከፋፈለ ትርፍ ላይ የሚመጣውን ግብር ለማስቀረትም ብዙ ድርጅት የሚያደርገው ነው። ጥር 1 ቀን 2017 ደግሞ 40 ሺ አዲስ አክሲዮን በጥሬ ገንዘብ ሸጡ። በድምሩ 160 ሺ አክሲዮን ሆነ።

ማሽኑ መጣ፣ ተተከለ፣ ማካሮኒ ማውጣት የጀመረው ግን ግንቦት 2017 ነው። ዓመቱ ሊዘጋ ሁለት ወር ሲቀረው ማለት ነው።

የመጀመሪያው ሥራ፦ አካፋዩን ማስተካከል

ሪፖርቱን ያዘጋጀው ልጅ 25.2 ሚሊዮኑን ለ160 ሺ አካፈለው። ሰኔ 30 ላይ ያለው የአክሲዮን ብዛት ስለሆነ ትክክል መሰለው። ግን ትርፍ የዓመት ሥራ ውጤት ነው፣ የአንድ ቀን አይደለም። ጥር ላይ የገባ ገንዘብ ከሐምሌ ጀምሮ ሠርቷል አይባልም። ስለዚህ ዓለም አቀፉ የሒሳብ ደረጃ፣ በቁጥሩ አይ.ኤ.ኤስ. (IAS) 33 የሚባለው፣ በጥሬ ገንዘብ የተሸጠ አክሲዮን በቆየበት ጊዜ ልክ ተመዝኖ እንዲቆጠር ያዛል። 40 ሺው አዲስ አክሲዮን የቆየው ስድስት ወር ነው፤ ስለዚህ እንደ 20 ሺ ይቆጠራል።

በነጻ የተሰጠው 20 ሺ አክሲዮን ደግሞ ሌላ ነው። በእሱ ምክንያት ለፋብሪካው አንድም ብር አልገባም። አንዱን እንጀራ ለአምስት ብትቆርሰው ለስድስት ብትቆርሰው እንጀራው ያው ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያውም እንደነበረ ተቆጥሮ የአምናውም ስሌት ወደ ኋላ ተመልሶ ይስተካከላል። ይሄን ነው ብዙ ሰው የሚስተው።

እንግዲህ እናስላው። የ2016 ትርፍ 22 ሚሊዮን ለ120 ሺ ሲካፈል 183 ብር ይሆናል። የ2017 ትርፍ 25.2 ሚሊዮን ለ140 ሺ ሲካፈል 180 ብር። ከ220 ወደ 157 የተባለው ውድቀት በአንድ ጊዜ ከ183 ወደ 180 ሆነ።

መምህርቷን ምሳሌ ላድርግ። አምና 50 አክሲዮን ነበራቸው፤ በ220 ሲባዛ 11,000 ብር። ዘንድሮ አሥር ተጨምሮላቸው 60 ሆኗል፤ በ180 ሲባዛ 10,800 ብር። ሁለት መቶ ብር ነው ልዩነቱ። ሪፖርቱ ላይ በነበረው 157 ብር ከ50 ቢያባዙት ኖሮ 9,450 ብር ይመጣል። ልብ በሉ፣ ይሄ የእሳቸው የትርፍ ድርሻ ነው እንጂ እጃቸው የሚገባ ጥሬ ብር አይደለም። የሕግ መጠባበቂያ ይቀነሳል፣ ጉባኤው የሚያስቀረውም አለ።

የማካፈል ስህተት ነው ብለን ወረቀቱን ዘግተን ቡና መጠጣት እንችል ነበር። ሥራ አስኪያጁም ፊቱ በራ። እኔ ግን የትርፍና ኪሳራ መግለጫውን ስገልጥ አንድ መስመር አላስቀምጥ አለኝ።

ሁለተኛው ሥራ፦ ትርፉ ከየት ነው የመጣው?

«ሌላ ገቢ፣ 9 ሚሊዮን ብር» ይላል። ምንድን ነው ብዬ ስጠይቅ ሦስት አሮጌ የጭነት መኪኖች ሸጠን ነው አሉኝ። መኪኖቹ በመዝገብ ላይ ዋጋቸው አልቋል፤ ከምንዛሪው ለውጥ በኋላ ያገለገለ መኪና ዋጋ ሲሰቀል ጥሩ ዋጋ አወጡ። ሽያጩ ራሱ ጥፋት አይደለም። ግን መኪና በየዓመቱ አይሸጥም። በዚያ ላይ አሁን ዱቄቱ ወደ ወልድያና ወደ ከሚሴ የሚጫነው በኪራይ መኪና ነው፤ ገቢው አንዴ መጣ፣ ወጪው ግን ይቀጥላል።

ያንን 9 ሚሊዮን ከነግብሩ (ግብሩ ሲቀነስ 6.3 ሚሊዮን ነው) አውጥተን ብናየው ትርፉ 18.9 ሚሊዮን ይሆናል። ለ140 ሺ ሲካፈል 135 ብር። አምና 183፣ ዘንድሮ 135። መምህርቷ ተሳስተው አልነበረም ማለት ነው። የተሰጣቸው ቁጥር የተሳሳተ ነበር፣ ጥርጣሬያቸው ግን ትክክል ነበር።

ይሄን ለቦርዱ ስነግራቸው ክፍሉ ጸጥ አለ። አንዱ አባል «180 ብለን ብንተወውስ?» አለ። ቁጥሩ በደረጃው መሠረት ትክክል ነው፣ ሕገ ወጥም አይደለም። ግን 180 ብለን መኪናውን ሳንናገር ብንወጣ በሚቀጥለው ዓመት እምነት የሚባል ነገር አይተርፈንም አልኳቸው። ተስማሙ፤ ለዚህ አመሰግናቸዋለሁ።

ሦስተኛው ሥራ፦ 48 ብሩ የት ገባ?

ሁሉም ሰው ጣቱን የቀሰረው በአዲሶቹ ባለአክሲዮኖች ላይ ነው። «እነሱ መጡና ተካፈሉን» የሚል ወሬ ከተማውን ሞልቶት ነበር። ስለዚህ ከ183 እስከ 135 ያለውን መንገድ ደረጃ በደረጃ አስላነው።

ከምርትና ሽያጭ የመጣው ትርፍ፣ ወለድና ግብር ሳይነካው፣ ከ39.4 ወደ 43 ሚሊዮን አድጓል። ይሄ ለአንዱ አክሲዮን 21 ብር ገደማ ይጨምራል። ወለድ ከ8 ሚሊዮን ወደ 16 ሚሊዮን እጥፍ ሆነ። ይሄ ብቻውን ከግብር በኋላ ለአንዱ አክሲዮን 47 ብር ገደማ ቀነሰ። የአክሲዮኑ ብዛት መጨመር ደግሞ 23 ብር ገደማ ቀነሰ።

እዩት እንግዲህ። የከተማው ሰው ሁሉ የረገመው የአክሲዮን መጨመር ያደረሰው ጉዳት ወለዱ ካደረሰው ግማሹን ነው። ወለዱን ግን በጉባኤው ላይ አንድ ሰው እንኳ አላነሳውም።

ወለዱ ለምን እጥፍ ሆነ? ኦቨርድራፍቱ ከ50 ሚሊዮን ወደ 90 ሚሊዮን አደገ፣ የወለድ ምጣኔውም ወደ 18 በመቶ ተጠጋ። መጀመሪያ ማሽኑ ላይ የዋለ መስሎኝ ነበር። አይደለም፤ የማሽኑን ክፍተት በአብዛኛው የሸፈነው የአክሲዮን ሽያጩ ነው። ኦቨርድራፍቱ የሄደው ዱቤ ላይ ነው። አከፋፋዮች ዱቄት ወስደው ድሮ በ35 ቀን ገደማ ይከፍሉ ነበር፣ አሁን 80 ቀን ደርሷል። ዋጋ ሲወደድ ባለሱቁ ይዘገያል፣ አከፋፋዩ ይዘገያል፣ ፋብሪካው ዝም ይላል። በዚህ መንገድ ወደ 50 ሚሊዮን ብር በየመጋዘኑና በየሱቁ ተበትኗል። ፋብሪካው ከባንክ በ18 በመቶ እየተበደረ ለአከፋፋይ ያለ ወለድ ያበድር ነበር። የሽያጭ ክፍሉ ሪፖርት ላይ ግን ይሄ ሁሉ «ሽያጭ አደገ» ተብሎ ነው የተጻፈው።

ብድር በራሱ ክፉ አይደለም። በ18 በመቶ የተበደርከው ብር 25 በመቶ ካመጣልህ ትርፉ ለባለአክሲዮኑ ነው፣ አክሲዮን ሳትጨምር ድርሻውን ታሳድጋለህ። ምንም የማያመጣ ቦታ ላይ ከተቀመጠ ግን በየቀኑ የሚቆርሰው ከባለአክሲዮኑ ነው። ሚዛኑ ይሄው ነው፣ ሌላ ምስጢር የለውም።

የተወሰዱት እርምጃዎች

ጉባኤው ከመበተኑ በፊት አምስት ሰው ያለበት ኮሚቴ መርጦ ስለነበር ጥቅምትን ሙሉ ከእነሱ ጋር ሠራን።

መጀመሪያ የተሞከረው ከባድ ነበር፤ «ከነገ ጀምሮ ዱቤ የለም»። አልሠራም። የወልድያ ሁለት አከፋፋዮች በሦስተኛው ቀን ወደ ሌላ ፋብሪካ ዞሩ፣ አንዱ እስከ ዛሬ አልተመለሰም። ይሄን ምክር የደገፍኩት እኔም ነበርኩ። ከገበያው ሰው ጋር ቀድመን ብንመካከር አናደርገውም ነበር።

ቀጥሎ ለስላሳውን መንገድ ሞከርን። በ15 ቀን ለሚከፍል ትንሽ ቅናሽ፣ ከ45 ቀን ላለፈ አዲስ ጭነት የለም፣ ለእያንዳንዱ አከፋፋይ የዱቤ ጣሪያ። የሽያጭ ሠራተኞቹ ጉርሻም በሸጡት ሳይሆን በሰበሰቡት እንዲሆን ተደረገ። በእኔ ግምት ነገሩን የቀየረው ይሄ የመጨረሻው ነው፤ ሰው የሚከፈለውን ነው የሚያሳድደው። እስከ ጥር መጨረሻ የመሰብሰቢያው ጊዜ ወደ 55 ቀን ወረደ፣ ኦቨርድራፍቱ ከ90 ወደ 65 ሚሊዮን። በዚህ ከቆየ በዓመት 4.5 ሚሊዮን ብር ወለድ ይቀራል፤ ከግብር በኋላ ለአንዱ አክሲዮን 20 ብር ገደማ ማለት ነው፣ በ160 ሺ ተካፍሎ።

ያልተሳካም አለ። የምርትና ሽያጩ ትርፍ ካደገበት 3.6 ሚሊዮን ውስጥ ስንቱ ከብርታት፣ ስንቱ በድሮ ዋጋ ገብቶ በአዲስ ዋጋ ከተሸጠ ስንዴ እንደመጣ ለመለየት ሞከርን። የመጋዘን መዝገቡ አይፈቅድም። አሁን መዝገቡ እየተስተካከለ ነው፣ ያለፈው ግን አልፏል።

ሥራ አስኪያጁ ደግሞ የማካሮኒውን ማሽን የእርጅና ተቀናሽ፣ ማለትም የማሽኑ ዋጋ በየዓመቱ ተከፋፍሎ በወጪ የሚያዝበትን ጊዜ፣ ከ10 ዓመት ወደ 20 ዓመት እንድንዘረጋው ሐሳብ አቀረበ። ዓመታዊ ወጪው በግማሽ ይቀንሳል፣ የአንድ አክሲዮን ትርፉም ያምራል። ማሽኑ በእርግጥ 20 ዓመት የሚሠራ ቢሆን ምንም አልነበረም፤ አምራቹ ግን እንደዚያ አላለም፣ የኮምቦልቻን የመብራት መቆራረጥ የሚያውቅ መካኒክም አይልም። ተወው ተባለ።

ሊመለስ የማይችለው አዲሱ አክሲዮን የተሸጠበት ዋጋ ነው። ከሽያጩ በፊት የማኅበሩ የተጣራ ሀብት (ዕዳው ተቀንሶ የሚቀረው) ለአንዱ አክሲዮን ሲካፈል 1,200 ብር ነበር። የተሸጠው ግን በ1,000። ስለዚህ የሁሉም ወደ 1,150 ወረደ፤ የቀድሞዎቹ ያጠራቀሙት መጠባበቂያ ውስጥ አዲሶቹ በነጻ ገቡ። ነባር ባለአክሲዮን ቅድሚያ የመግዛት መብት አለው፣ ተሰጥቷቸውም ነበር። ግን ጡረተኛ በዚያ ኑሮ ውድነት 40 ሺና 50 ሺ ብር ከየት ያመጣል? የ200 ብር ጭማሪ ተደርጎ ቢሸጥ ኖሮ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር።

ለሌላው የሚተርፈው

አክሲዮን ካላችሁ ሪፖርቱን ስትቀበሉ መጀመሪያ የጠቅላላውን ትርፍ ሳይሆን የአክሲዮኑን ብዛት ጠይቁ። ስንት ነበር፣ ስንት ሆነ፣ መቼ ተጨመረ፣ በጥሬ ነው ወይስ ከትርፍ የተዛወረ? ከትርፍ የተዛወረ ከሆነ አምናውም አብሮ መስተካከል አለበት። ካልተስተካከለ የምታነጻጽሩት ሁለት የተለያየ ነገር ነው።

ቀጥሎ «ሌላ ገቢ» የሚለውን መስመር። መኪና፣ ሕንጻ የተሸጠበት ዓመት የአንድ አክሲዮን ትርፍ ብዙ ጊዜ ያምራል። ካሣ ያገኘበትም እንደዚያው። አውጥታችሁ ድገሙት።

ወለድን ከተሰብሳቢ ሒሳብ፣ ማለትም በዱቤ ተሽጦ ገና ካልተከፈለው፣ ጋር አብራችሁ እዩ። ሁለቱ አብረው ካደጉ ገንዘባችሁ ሰው ኪስ ውስጥ ነው ያለው።

ለቦርዶች ደግሞ፦ ይሄን ቁጥር እንድታወጡ ደረጃው የሚያስገድደው አክሲዮናቸው ለሕዝብ ገበያ የቀረበ ድርጅቶችን ነው፤ ካወጣችሁት ግን በትክክል አውጡት። የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያው ከጥር 2017 ጀምሮ አዲስ አበባ ላይ ተከፍቷል፣ ሰው ይሄን ቁጥር እያየ መሸጥና መግዛት ይለምዳል። እነዚያ ሽማግሌ 1,150 ብር የመዝገብ ዋጋ ያለውን አክሲዮን በ900 የሸጡት ለ160 ሺ በመካፈሉ ነው። ሄጄ አነጋገርኳቸው። ገዢው ሊመልስ አልፈለገም፣ በሕግ የሚያስገድደውም የለም። 20 አክሲዮን ነው፤ ለእሳቸው ግን የዓመታት ዕቁብ ነው።

አሁን ያለበት

ሁለተኛው ጉባኤ ኅዳር ላይ ተካሄደ። ሦስቱንም ቁጥሮች፣ 157ን፣ 180ን እና 135ን፣ በሰሌዳ ላይ ጽፈን እያንዳንዱ ከየት እንደመጣ አስረዳን። ምንም ካልተሻሻለ በ2018 አካፋዩ ሙሉ 160 ሺ ስለሚሆን ወደ 118 ብር ሊወርድ እንደሚችልም ነገርናቸው። የሚጮህ ሰው አልነበረም። አንዳንዱ አዘነ፣ ግን ተቀምጦ ሰማ።

መጨረሻ ላይ መምህርቷ እጃቸውን አወጡ። ደብተር ይዘው ነው የመጡት፣ ቁጥሩን ሲገለብጡ አይቻቸው ነበር። «ማካሮኒው ዘንድሮ የሠራው ሁለት ወር ነው አላችሁ» አሉ። «ማሽኑ ተተክሎ እስኪያልቅ 80 ሚሊዮን ፈጅቷል፣ በአሥር ዓመት ይካፈል ካላችሁ በዓመት 8 ሚሊዮን ነው። ግብሩን ብናስብ ለአንዱ አክሲዮን 35 ብር ነው። በዚህ 118 ላይ እሱ አለበት ወይስ ገና ነው?»

ገና ነበር። የሁለት ወሩ ብቻ ነው የገባው። ሥራ አስኪያጁ የማካሮኒው ሽያጭ ያንን 8 ሚሊዮን የሚሸፍንበትን ዕቅድ በየሦስት ወሩ በጽሑፍ እንዲያቀርብ ጉባኤው ወሰነ። የመጀመሪያው ጥር ላይ ደርሶኛል፤ እስካሁን ግማሹን ይሸፍናል።